ቀዩ ማሰሪያ

ካፒቴኑ የራስ ቁሩን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ሄሊኮፕተሩ ሲራመድ፣ ከመጋዘኑ ጥላ ሥር የተቀመጡት አብራሪዎች ወሬያቸውን አቋረጡ። ማንም ክፉ አልተናገረውም። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ከመካከላቸው ሚጢጢ የሚሏት ወጣት አብራሪ ሮጣ ደረሰችበት። በረራ ያስተማራት እሱ ነው።

"ጋሼ፣ እውነት ሊነሱ ነው?"

"አንድ ምልልስ ናት። መሐንዲሶቹን ከተማ አድርሼ እመለሳለሁ።"

"ኃላፊው ቁጭ ብሎ እስኪያነጋግረን ማንም ሞተር አያስነሳም ተባብለን?"

"እናንተ ናችሁ የተባባላችሁት። እኔ እጄን አላወጣሁም።"

"እንዴት ያወጣሉ? በስብሰባው መሐል እንቅልፍ ወስዶዎት!"

ሊስቅ ፈለገ፤ ፊቱ እምቢ አለው። አልፏት ሄደ።

ነገሩ የከረመ ነው። የማዕድን ማውጫው ሰፈር ከሰው አገር ርቆ አሸዋ መሐል የተቀመጠ የቆርቆሮ ቤት ክምር ነው። ድርጅቱ የሚከፍላቸው ሞተር ለሚዞርበት ሰዓት ብቻ ነው። ከንጋት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ተገትረው ተሳፋሪ ሲጠብቁ የሚውሉት ዕረፍት ይባላል። አልጋ እንኳ በፈረቃ ነው፤ አንዱ ሲነሳ ሌላው በሞቀው ላይ ይተኛል። ወደ ቤት መሄጃቸው ደግሞ ሁልጊዜ "በሚቀጥለው ሳምንት" ነው። አሁን ግን መረራቸው።

ካፒቴኑንም መሮታል። ትናንት ግን ኃላፊው ለብቻው ጠርቶት፣ "አንተ የበሰልክ ሰው ነህ። ነገ ተነስተህ አሳያቸው። የከተማው ዋና አብራሪነት ያንተ ነው" አለው። ከተማ ማለት ማታ ማታ ቤት መግባት ማለት ነው። ይህን ለባለቤቱ ሲነግራት ስልኩ ላይ አለቀሰች።

"ትንሿን አባትሽ የት ነው ሲሏት ምን እንዳደረገች ታውቃለህ?" አለችው። "ስልኩን አሳየቻቸው።"

ሄሊኮፕተሩን እንደ ልማዱ ዞሮ አየ፤ መስታወቱን ወለወለ፤ ገብቶ ተቀመጠና ቀበቶውን አሰረ። ሬዲዮው ወዲያው ጮኸ።

"ካፒቴን፣ ተሳፋሪዎቹ ደርሰዋል። ደህና ነህ? አልደከመህም?" አለ ኃላፊው።

ይህ ጥያቄ በየጠዋቱ ይጠየቃል፤ ሕግ ነው። ደክሞኛል ያለ አብራሪን ማንም አስገድዶ ማስነሳት አይችልም። ግን እንዲያ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

"ደህና ነኝ" አለ ካፒቴኑ፣ እንደ ሰላምታ።

እጁን ወደ ሞተር ማስነሻው ሲሰድ መካኒኩ ከፊቱ ተገተረ። ሁለት ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሯል፦ አቁም።

"እሱም ከእነሱ ጋር አበረ ማለት ነው" ብሎ በሸቀ። መስኮቱን ከፈተ።

"ምን ሆንክ አንተ?"

"እኔስ ምንም አልሆንኩም። ታስሮ የሚበር ነገር አይተህ ታውቃለህ?"

መካኒኩ ወደ ኋላ አመለከተ። ካፒቴኑ አንገቱን አውጥቶ ሲያይ፣ ከላይ የሚሽከረከረው ረጅም ክንፍ በቀይ ማሰሪያ ከጭራው ጋር ተጠፍሯል። ትናንት ንፋሱ እንዳያወዛውዘው ብሎ ያሰረው ራሱ ነው። እንዲህ እንዳለ ሞተር ቢያስነሳ ክንፉን ይሰብረው ነበር።

"ዞሬ አይቼ ነበር እኮ።"

"አይተሃል። ጎንበስ ብለህ ከሥሩ ነው ያለፍከው፤ ትከሻህንም ነክቶሃል። አሁን ይፈታዋል፣ አሁን ይፈታዋል እያልኩ ስጠብቅህ ነበር።" መካኒኩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በል፣ ማንም አላየም። ልፍታልህና ሂድ።"

ካፒቴኑ ትከሻውን ዳሰሰ። ሲነካው ጭራሽ አልታወቀውም። ሚጢጢን በመጀመሪያው ቀን ያስተማራት ስለዚህ ማሰሪያ ነበር።

"ካፒቴን! ምን እየጠበቅክ ነው? ደህና ነህ?" አለ ሬዲዮው።

አፉ "ደህና" ሊል ተከፍቶ ነበር።

"ደክሞኛል" አለ።

"ምን አልክ?"

"ደክሞኛል። ዛሬ አልበርም።"

ኃላፊው ቀጠለ፦ "የትናንቱን ነገር አስበህበታል?"

"አስቤበታለሁ" አለና ሬዲዮውን ዘጋ። ለባለቤቱ ምን ብሎ እንደሚደውልላት ግን አላሰበም።

ሲወርድ መካኒኩ እጁን ማሰሪያው ላይ አድርጎ ቆሟል።

"ተወው፣ እንደታሰረ ይቆይ" አለው። ቋጠሮውን ራሱ ሳብ አድርጎ አጠበቀና እግሩን እየጎተተ ወደ ጥላው ሄደ። ሚጢጢ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት።

"ስብሰባው አለቀ?"

"ለእርስዎ ስንል እንደግመዋለን" አለች። "ብቻ እንዳይተኙብን።"

"ከተኛሁ ቀስቅሱኝ" አለና እጁን አወጣ።