አማት አይቀደምም

መጋረጃ ሰፊዋ ብስክሌት የምትነዳው ለመዝናናት አይደለም። ደንበኞቿ ቤት እየሄደች መስኮት ትለካለች፤ መጋረጃው ሲያልቅም የመስቀያውን ዘንግ ከብስክሌቱ ጎን አስራ ታደርሳለች። ዘንጉ ከፊቷም ከኋላዋም ስለሚተርፍ፣ እሷ ስትመጣ ሰው ግድግዳ ይጠጋል። መታጠፊያ ላይ ከእሷ ጋር መገናኘት የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ባሏ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ "ከእማዬ ጋር ባሕር ማዶ ሄደሽ ብስክሌት ትነጃለሽ" ሲላት፣ መጀመሪያ ከአፏ የወጣው "የማን መስኮት ነው?" የሚል ጥያቄ ነበር።

የማንም መስኮት አልነበረም። አማቷ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው። ተማሪዎቻቸው "ፊሽካ" የሚል ስም አውጥተውላቸው ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ ስሙንም ፊሽካውንም ይዘው ወጡ። በየዓመቱ ከጥቂት ሴቶች ጋር ውጭ አገር ይሄዱና ብስክሌት ሲነዱ ይሰነብታሉ። ዘንድሮ አብራቸው የምትሄደው ጓደኛቸው ወገቧን ታመመችና ቦታዋ ክፍት ሆነ። ባዶውን ከሚሄድ ምራት ትሂድበት ተባለ።

"በዚያውም ስለ ክፍሉ ትነግሪያታለሽ" አለ ባሏ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤቱ የአማትየዋ ነው። ሦስቱም የሚኖሩት ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ምድር ቤት ያለው ሰፊ ክፍል የመጋረጃ ሰፊዋ የሥራ ቦታ ነው። መሐሉን የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛ ይዞታል። አናጢው እንጨቱን እዚያው አስገብቶ፣ እዚያው ገጣጥሞ፣ እዚያው ሙጫ አድርጎበት ሲያበቃ ነው ጠረጴዛው ከበሩ እንደሚበልጥ የታወቀው። "እንግዲህ ተዋወቁ፤ መለያየት የለም" ብሏት ሄደ። እሷም የመለያየት ሐሳብ አልነበራትም። ያለዚያ ጠረጴዛ ረጅም መጋረጃ ዘርግቶ መቁረጥ አይቻልም፤ ያለዚያ ክፍል ደግሞ ጠረጴዛው የለም።

ባሏ ግን ሰሞኑን ሌላ ወሬ ይዞ መጥቷል። "እማዬን ጉልበቷን ያማታል። ደረጃ እያቃታት ነው። ክፍሉን መኝታ ልታደርገው ትፈልጋለች፤ ግን አፍ አውጥታ አትጠይቅሽም። እዚያ ስትዝናኑ 'ክፍሉን እለቃለሁ' በያትና ገላግያት።"

"ጉልበቱን የሚያመው ሰው ብስክሌት ይነዳል?"

"ብስክሌትና ደረጃ ለየብቻ ነው። ደግሞ ጉልበቷን እንዳታነሺባት፣ ትቆጣለች። ዝም ብለሽ እለቃለሁ በያት፤ በቃ።"

እሺ አለች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቆረጠችው መጋረጃ አንዱ ወገን አጠረ። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

ቡድኑ ስድስት ሴቶች ነበሩ፦ ብስክሌት በመጠገን የምትተዳደር ቀጭን መሪ፣ ዳቦ ቤት ያላቸው ሁለት እህትማማቾች፣ አንዲት ጥርስ ሐኪም፣ አማትና ምራት። ጥርስ ሐኪሟ ቀኑን ሙሉ የምትውለው አፉን ከፍቶ መመለስ ከማይችል ሰው ጋር ስለሆነ፣ መልስ ሳትጠብቅ ማውራት ለምዳለች። መጋረጃ ሰፊዋ ባሕር ማዶ ባረፉበት ቤት ቁርስ ላይ ጠጋ አለቻት።

"ዶክተር፣ ጉልበቱን የሚያመውን ሰው ብስክሌት ይጎዳዋል?"

"እኔ ከአንገት በላይ ነኝ" አለች ሐኪሟ። "ግን ስለ ጉልበት አንድ ነገር ላጫውትሽ።" አጫወተቻት። ጨዋታው ስለ መንጋጋ ነበር።

መሪዋ ብስክሌቶቹን ደጅ ላይ ደርድራ ፍሬናቸውን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረገችና ሕጉን ተናገረች።

"ሕጋችን አንድ ነው። እያንዳንዳችሁ ከኋላችሁ ያለችውን ትጠብቃላችሁ። ዞር ብላችሁ ካላያችኋት ትቆማላችሁ።"

"የመጨረሻዋስ ማንን ትጠብቃለች?" አለች አንደኛዋ ዳቦ ጋጋሪ።

"የመጨረሻዋ ማንንም። ታድላ።"

መጋረጃ ሰፊዋ የመጨረሻዋ ሆነች። ማንም አልመደባትም፤ አማቷ ከሐኪሟ ኋላ ሲሰለፉ እሷ ከእሳቸው ኋላ ተሰለፈች። አማት በር ላይ አይቀደምም፣ ገበታ ላይ አይቀደምም፣ ደረጃ ላይ አይቀደምም። ብስክሌት ላይ ይቀደማል ብሎ የነገራት የለም።

መንገዱ ጠባብ አስፋልት ነው፤ በግራው ውሃ፣ በቀኙ የፖም ዛፍ። ዘንግ ያልታሰረበት ብስክሌት ስትነዳ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። የሆነ ነገር የጣለች እየመሰላት ደጋግማ ጎኗን ዳሰሰች። ብስክሌቱ ገና ፔዳሉን ስትነካው ይፈተለካል፤ ሁለት ጊዜ የአማቷን የኋላ ጎማ ልትነካ ምንም አልቀራት። ፍሬን ያዘች። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ከአማቷ ጉልበት ላይ አላነሳችም። ጉልበቶቹ እንደ ስፌት መኪና መርፌ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ሕመም አይታይባቸውም። "ቻይ ናቸው" አለች በሆዷ፤ እንዳይጣደፉ ብላም ራቅ አለች።

አማቷ በሕጉ መሠረት ዞር አሉ። ምራታቸው ወደ ኋላ ቀርታለች። ደክሟታል ብለው ቀነሱ። ምራት አማቷ ሲቀንሱ አየችና፣ ጉልበቱ ተነሳባቸው ብላ የባሰ ቀነሰች። አማት ዞር አሉ፤ ይህች ልጅ አልቆላታል ብለው ፔዳል መምታቱን ተዉት። በመጨረሻ ሁለቱም ላለመውደቅ ብቻ የብስክሌታቸውን መሪ ግራና ቀኝ የሚያወዛውዙበት ደረጃ ላይ ደረሱ። ውሻ የሚያናፍሱ ሽማግሌ ቀደሟቸው። ውሻው ዞር ብሎ አያቸው። ቀጥላ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ቀደመቻቸው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ በዚህ አካሄዳቸው እንቁላሉ ራሱ ደርሶ ዕቃውን ባወረደ።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ሲደርሱ ከፊታቸው ማንም አልነበረም። አማቷ ብስክሌታቸውን ከድንጋይ አጥር አስደገፉ።

"የሕጉ ነገር ይኸው። ያቺ ለፍላፊ ዞር ማለት አቅቷት ነው። እዚሁ እንጠብቃለን።"

ብስኩት አወጡና ምራታቸውን አካፈሏት። ከፊት ለፊታቸው አንድ ቤት አለ፤ ታች ባለው መስኮቱ ላይ ቢጫ መጋረጃ ተሰቅሏል። መጋረጃ ሰፊዋ ጊዜው አሁን ነው አለች። የጎረሰችውን ዋጠች።

"እማማ፣ ክፍሉን እለቃለሁ።"

"አውቃለሁ። ነግሮኛል።"

ሌላ ነገር አልተባለም። ምራት ቢያንስ "ተባረኪ" ይሉኛል ብላ ጠብቃ ነበር። አማት ደግሞ ምክንያቷን ትነግረኛለች ብለው ጠብቀው ነበር። ሁለቱም የጠበቁትን ስላላገኙ ፊት ለፊት አዩ።

"ምን ታያለሽ?" አሉ አማቷ።

"ምንም።"

"ምንም እንዲህ አፍጥጠው አያዩትም።"

"ያ መጋረጃ ነው" አለች መጋረጃ ሰፊዋ። "የቀኙ ሽብሽብ ከግራው በዝቷል። የሰፋችው ሴት ጨርቅ አነሳትና ከግራው ላይ ሰረቀች። ይዩት፣ ዘንጉም ወደ አንድ ወገን አጋድሏል፤ ከብዶት ነው። ታችኛው ቅምቅማት ውስጥ ማጥበቂያ ክብደት አላስገባችም፤ ንፋስ ባይነፍስም ዝም ብሎ ይንቀዋለላል። እኔ ብሆን አወርደዋለሁ። አወርድና እፈታዋለሁ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ ከመሐል እጀምራለሁ እንጂ ከዳር አልጀምርም። ከዳር የጀመረ ሰው ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ነው የሚያፍረው።"

እጇ አየሩን እንደ ጨርቅ እያስተካከለ ነበር። አማቷ መስኮቱን ትተው እጇን አዩ።

"ሰለቸኝ ያልሽው ሥራ ይኼ ነው?"

"ማን ሰለቸኝ አለ?"

"አንቺ። ባልሽ ነው የነገረኝ። መስፋት አንገሽግሿታል፣ ጀርባዋ አልቋል፣ ክፍሉን ትታ ማረፍ ትፈልጋለች፤ እማዬ፣ አንቺን አፍራ ነው ያልነገረችሽ አለኝ። ስትለቂ እሱ የስልክ ዕቃ ይሸጥበታል።"

መጋረጃ ሰፊዋ የብስኩቱን ወረቀት አጠፈችው። ከዚያም እንደገና አጠፈችው።

"እኔ የምለቀው ለእርስዎ ብዬ ነው።"

"እኔ ምን ላደርገው?"

"ሊተኙበት። ደረጃው ከብዶዎታል፣ ጉልበትዎ..." አለችና አፏን ያዘች፤ አታንሺ የተባለችውን አንስታዋለች።

አማቷ ሄልሜታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ አስቀመጡ። እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። ቁጢጥ አሉ፣ ተነሡ። ቁጢጥ አሉ፣ ተነሡ። ጀርባቸው እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። ቢጫው መጋረጃ ትንሽ ገለጥ አለ፤ ውስጥ ያለው ሰው ማየት የፈለገውን ካየ በኋላ ተመልሶ ተዘጋ።

"የቱ ጉልበት?" አሉ። ትንፋሻቸው እንኳ አልተቆራረጠም።

"ታዲያ መንገድ ላይ ለምን ቀነሱ?"

"አንቺን ብዬ ነዋ። ዞር ባልኩ ቁጥር ትጎተቻለሽ።"

"እኔ እኮ እንዳልቀድምዎ ብዬ ነው።"

አማቷ ሄልሜታቸውን መልሰው አጠለቁ። ማሰሪያውን አገጫቸው ሥር ሲቆልፉ ጊዜ ወሰዱ።

"በልጅነቱም እንዲህ ነበር" አሉ። "ለእኔ አባዬ ፈቅዷል ይለኛል። ለአባቱ እማዬ ፈቅዳለች ይለዋል። እኛ ተያይተን እስክንጠያየቅ እሱ ኳስ ሜዳ ነው። በሁለት ቢላ መብላት ያኔ ነው የጀመረው።"

"ክፉ ሰው አይደለም።"

"ክፉ ነው አልኩ? ልጄ ነው አልኩ።"

ሽማግሌውና ውሻቸው ሲመለሱ በፊታቸው አለፉ። ውሻው በዚህኛው ጊዜ አላያቸውም።

"ያ ጠረጴዛሽ" አሉ አማቷ፣ "ከክፍሉ ይወጣል?"

"አይወጣም። ወይ ጠረጴዛው ይሰነጠቃል፣ ወይ በሩ ይፈርሳል።"

"የቤቴን በር አላፈርስም።"

"ጠረጴዛውስ?"

"ጠረጴዛው ያንቺ ነው። መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን አንቺ ታውቂያለሽ።"

"አልሰነጥቀውም።"

"እንግዲያው ምን ቀረን?" አሉና ጣታቸውን ላሱ። "ክፍሉ እዚያው፣ ጠረጴዛው እዚያው፣ አንቺም እዚያው።"

መጋረጃ ሰፊዋ አንድ ነገር ልትል ፈለገች። የመጣላት ቃል ሁሉ ለዚያ ቦታ ትንሽ ትልቅ ነበር። ስለዚህ በእጇ የያዘችውን ብስኩት ለአማቷ ሰጠች፤ እሳቸውም ተቀብለው በሉት።

የአማቷ ስልክ ጠራ። መሪዋ ናት። በቀኙ መንገድ ኑ አለቻቸው፤ ይቅርታም ጠየቀች። ሐኪሟ ይህን ሁሉ መንገድ ወደ ኋላ ሳትዞር ስታወራላቸው ነበር፤ እየሰሟት መስሏት። ምሳ ቀርቧል፤ እህትማማቾቹ የቀረበውን ዳቦ እየተቹት ነው።

አማቷ ብስክሌታቸውን አቀኑና መንገዱን ለቀቁ።

"ቅደሚኝ።"

"ኧረ እማማ። ነውር ነው።"

"ነውሩ ሰው በልቶ ሲያበቃ መድረስ ነው። ንፋሱ ከፊት ነው። አንቺ ቅደሚና ንፋሱን ቁረጭልኝ፤ እኔ ከኋላሽ ተከልዬ እመጣለሁ። ወጣት የሚቀድመው ለዚህ ነው። ነይ፣ እለፊ።"

አለፈቻቸው። ስታልፍ ከአንገቷ ጎንበስ አለች፤ ልማድ ነው። ከዚያ ግን ብስክሌቱን ለቀቀችው። የፖም ዛፎቹ ተራ በተራ ወደ ኋላ ሸሹ። በሕጉ መሠረት ዞር ስትል፣ አማቷ ከኋላ ጎማዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት አንገታቸውን ደፍተው ይከተሏታል። እንዳልቀነሱ አየች። እሷም አልቀነሰችም።

የሕፃን ጋሪ የምትገፋዋን ሴት ሲያልፉ የመጋረጃ ሰፊዋ ስልክ ደረት ኪሷ ውስጥ ጠራ። አንድ እጇን ከመሪው ላይ አነሣች፤ ዘንግ የለመደ ሰው በአንድ እጅ መንዳት አያቅተውም። ባሏ ነው።

"ነገርሻት?"

"ነገርኳቸው።"

"ምን አለች?"

"ከኋላዬ ናቸው። ሲደርሱ ራሳቸው ይነግሩሃል።"



"እንዴት ከኋላሽ?" አለ ባሏ።

ሳትመልስለት ከኋላዋ ፊሽካ ተነፋ፤ አጭር፣ ደረቅ፣ እየነዱ ስልክ ማውራት ክልክል መሆኑን የሚናገር ፊሽካ። ስልኩን ልትዘጋ አውራ ጣቷን አነሣች። አልደረሰችበትም። ባሏ በዚያ ድምፅ ያደገ ሰው ነውና፣ ቀድሞ ዘግቶታል።