ማስተዋል የፈረመችው ወረቀት

ሻምበል ጌጡ በሩን ራሱ ዘጋና ወረቀቱን ወደ ማስተዋል ገፋ አደረገው።

"ፈርሚ" አላት።

ማስተዋል ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለው የጦር ካምፕ የመገናኛ ሬዲዮ ከያዘች ገና ዓመቷ ነው። ወረቀቱን አነበበችው። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አስር አለቃ ፋሲል ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሊደፍራት ታግሏት፣ ጮኻ እንዳመለጠች ይላል። ፋሲል ማክሰኞም ሆነ ሌላ ቀን ነክቷት አያውቅም። ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ሻምበሉ አንድን ምልምል ወታደር ጆሮው እስኪደነቁር በዱላ መደብደቡን ለበላይ ማመልከቱ ነው።

"ሻምበል፣ ይህ እኮ አልተደረገም።"

"ወንድምሽ ሲሳይ ጣራ ገዳም ነው የሚያገለግለው አይደል?" አለ ሻምበሉ ረጋ ብሎ። "በዚያ መንገድ ኬላ ላይ የቆሙት የእኔ ልጆች ናቸው። አንድ ዲያቆን ተጠርጥሮ ቢያዝ ማን ይጠይቃል?"

ፈረመች።

ፋሲልን ቀበቶና የጫማ ማሰሪያውን አስፈትተው ሰው ሁሉ እያየ ወሰዱት። ዘወር ብሎ አያት። የተቆጣ ሰው አስተያየት አልነበረም፤ ምን አድርጌሽ ነው የሚል እንጂ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እህል አልወርድላት አለ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር ስለ ሲሳይ የሚያረዷት ይመስላታል።

ይባስ ብሎ ክፍል የምትጋራት ሠናይት አጠገቧ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

"እኔም ሌላ ካምፕ ሳለሁ ደርሶብኛል" አለቻት ቀስ ብላ። "ማንም አላመነኝም። አንቺን ስላመኑሽ ደስ ብሎኛል።"

ማስተዋል እጇን ማስለቀቅ እንኳ ፈራች።

በአራተኛው ቀን በር ጥበቃ ተረኛ ሆና ሳለ አንዲት እናት የገብስ ዳቦ በነጠላ ቋጥረው ከጋፋት በእግራቸው መጡ።

"ልጄ፣ የፋሲል እናት ነኝ፤ ፈንታነሽ እባላለሁ። ሴት ልጅ ነካ አሉኝ። ልጅቱን ታውቂያት እንደሁ አሳዪኝ። እውነት ከሆነ እግሯ ላይ እወድቃለሁ። ውሸት ከሆነም ዓይኗን ልየው ብዬ ነው።"

"ዳቦውን ይስጡኝ፣ አደርስልዎታለሁ" አለቻቸው። ዓይኗንም ከመሬት አላነሳችም።

ተረኛነቷ እንዳበቃ ለሲሳይ ደውላ ሁሉንም ነገረችው።

"ኬላው ላይ እንዳያገኙኝ ከገዳሙ አልወጣም" አላት። "እኔም እፈራለሁ፣ ማስቴ። ግን በእኔ ምክንያት ሰው አይታሰር።"

የፋሲልን ጉዳይ እንዲመረምር የተላከው ሻለቃ ከሌላ ክፍል የመጣ ሰው ነበር፤ ማስተዋልን ቃሏን እንድታረጋግጥ አስጠራት። ሻምበል ጌጡ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያያታል።

"ይህ ቃልሽ ነው?"

የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች።

"ፊርማው የእኔ ነው። የተጻፈው ግን ውሸት ነው። ፋሲል አልነካኝም። ያስፈረሙኝ ሻምበል ጌጡ ናቸው" አለች፣ ወደ መስኮቱ ሳታይ።

ሻምበሉ ሊነሳ ሲል ሻለቃው በእጁ ምልክት አስቀመጠው።

ፋሲል በሳምንቱ ተፈታ። ለማስተዋል አንድ ቃል ሳይናገር ወደ እናቱ ሄደ። ሻምበሉን ከካምፑ አነሱት፤ ይታሰር ወይ ሌላ ቦታ ይሾም ግን የነገራት የለም። እሷ በሐሰት ቃል ሁለት ወር ታስራ ከሠራዊቱ ተሰናበተች።

ሻንጣዋን ስታዘጋጅ ሠናይት በሩ ላይ ቆመች።

"አሁን እኔ ብናገር ማን ያምነኛል?" አለቻት።

ማስተዋል ሻንጣዋን ዘግታ በአጠገቧ አልፋ ወጣች። ከደብረ ታቦር መናኸሪያ ተሳፍራ መስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። የሻምበሉ ልጆች የሚቆሙበት ኬላ ሲቃረብ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችና፣ መታወቂያ የሚሰበስበው ወታደር ማን እንደሆነ ላለማየት አንገቷን ደፋች።