የሐይቅ ጭቃና የበግ ላት

ትልቁ ማቀዝቀዣ አጓራና ጸጥ አለ። ባለሥጋ ቤቷ ቢላዋዋን ጥላ ጀርባውን ብትነካው ሞተሩ እጅ ያቃጥላል።

"ተቃጠለ! ድሮም ያንተ ጭቃ ገድ የለው!"

የእህቷ ልጅ ከጓዳ ሮጦ መጣ። ሰፈሩ "ዶክተር ጭቃ" ይለዋል። ለዶክትሬት ጥናቱ ከሐይቅ ወለል በቱቦ ያወጣውን ጭቃ፣ የዩኒቨርሲቲው ማቀዝቀዣ ቢሞላበት ከአክስቱ ሥጋ ጎን ደርድሮታል። ሚስት የለው፣ ጎጆ የለው፤ አራት ዓመት ሙሉ ጭቃ! ባየችው ቁጥር ከንፈሯ ይጣመማል።

"አክስቴ፣ ከደረቀ ይሰነጣጠቃል። ትንሹ ማቀዝቀዣ ውስጥ..."

"ትንሹ ውስጥ የነገ ሥጋዬ አለ። ለመሆኑ ይኼ ጭቃ ምን ይላል?"

"ጥቁሩ ሐይቁ የሞላበት ዘመን ነው፤ ነጩ የጎደለበት። ፀሐይ ድሮም ለሁሉም አገር እኩል አልወጣችም። የምድር ዘንግ በሺህ ዓመታት ቀስ ብሎ ይዞራል። ፀሐይ በእኛ በኩል ስትበረታ ዝናቡን ወደዚህ ትስበዋለች፤ ያኔ ከምድር ወገብ ማዶ ድርቅ ነው።"

"ፀሐይ እንደምታዳላ ለማወቅ ሐይቅ መቆፈር! የእኔንና የጎረቤቴን በረንዳ ብታይ አይበቃህም?"

ስልኩ ጮኸ። የጥናቱ አማካሪ መምህሩ ነው፤ ድምፁ ቤቱን ሞላው።

"ጭቃው ከተበላሸ ይበላሽ። ከምድር ወገብ ማዶ ያለ የሌላ ሐይቅ የልኬት ቁጥር እኔ ጋ አለ፤ የኛ ነው ብለህ ጥናትህ ውስጥ አስገባው። ፀሐይ ያው ፀሐይ ናት፤ ማን ያውቅብሃል?"

"እ... ላስብበት፣ ዶክተር።" ዘጋው።

"ላስብበት!" አለች አክስቱ አፏን አሹላ። "ምኑ ይታሰባል? ፍየል ላይ የበግ ላት ሰፍቶ በግ ነው ብሎ የሚሸጥ ሌባ አውቅ ነበር። እሱ እንኳ ሲመዝን ዓይኑን ይሰብር ነበር። ከአንተስ ጭቃው ይሻላል፤ ያየውን ይናገራል።"

"እምቢ ካልኩ ይጥለኛል፣ አክስቴ።"

"ይጣልህ! አሁንስ ቆመሃል እንዴ?"

ትንሹን ማቀዝቀዣ ከፍታ ሥጋዋን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው።

"አስገባ ጭቃህን። ይኼ ሳይመሽ በቅናሽ ይሸጣል፤ በር ላይ ቆሞ የሚጣራው ግን አንተ ነህ።" ደም የነካውን ሽርጥ ወረወረችለት።

ቱቦዎቹን አስገብቶ ሲጨርስ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ስልኩን አየ፤ ሽርጡን አየ። አነሣው።

"አይሆንም፣ ዶክተር። ያ ሐይቅ የኛ አይደለም።"

መልስ ሳይጠብቅ ዘጋው። ሽርጡን አሰረና በር ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"የበግ ሥጋ..."

"ምን ያስለመልምሃል? ጠንከር!" አለች ከውስጥ፣ ቢላዋዋን እየሳለች።

"በግ ነው! እውነተኛ በግ!"