የኋላው በር ቁልፍ

ልጅቱ የመድኃኒት ፋብሪካው ግዥ ክፍል ከገባች ወዲህ ብቻዋን ለቁጥጥር ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ሥራዋ ፋብሪካው ዕቃ የሚገዛቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን በአግባቡ መያዛቸውን ማረጋገጥ ነበር። በሽተኛ የሚያድን ሽሮፕ ጤነኛ ሠራተኛ በተጎዳበት ክዳን መከደን የለበትም ብላ ከልቧ ታምናለች።

የክዳን ማምረቻው ባለቤት፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ተጫዋች ሰው፣ እየመሩ አስገቧት። ነጭ የፀጉር መሸፈኛ ያጠለቁ ሴቶች ረዥም ጠረጴዛ ከበው ክዳን ይለቅማሉ። ያየችው ሁሉ ደስ አሰኛት፤ የአደጋ ጊዜ መውጫው የኋላ በር ዘንድ እስክትደርስ ድረስ። በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ ዳር ዳሩ በፕላስተር ታሽጓል።

«ጋሼ፣ ይህ ለምን ተቆለፈ? የፊቱ በር ከማሽኖቹ ወዲያ ነው። እሳት ቢነሳ እነዚህ ሰዎች በየት ይውጡ?»

ሰውየው ዓይናቸውን አፈጠጡ። «ያስቆለፋችሁኝ እናንተው አይደላችሁ እንዴ?»

«እኛ?»

«የጥራት ክፍላችሁ ኃላፊ፣ ያ ትንኝ አዳኝ! በዚህ በር አቧራና ትንኝ ይገባል፣ ካላሸግኸው ክዳንህን አንገዛም ብሎኝ ሄደ። አንቺ ደግሞ ካልከፈትኸው አንገዛም ልትዪኝ ነው። ልጄ፣ የማንኛችሁን ልስማ?»

ሴቶቹ ሳቃቸውን በጓንታቸው አፈኑ።

ልጅቱ ፊቷ ቀልቶ ለትንኝ አዳኙ ደወለች።

«ክፍት በር? ጤና የለሽም እንዴ?» አላት። «ክዳኑ ውስጥ ትንኝ የገባ ዕለት ሽሮፑን የሚጠጣው ሕፃን ነው!»

«እሳት የተነሳ ዕለትስ?»

«እሱ ያንቺ ክፍል ነው» ብሎ ዘጋባት።

ግራ ገባት። ሕፃኑንም አሰበች፣ ሴቶቹንም አሰበች፤ አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። በመጨረሻ ደሟ ፈላ።

«ቁልፉን ይስጡኝ ጋሼ። ቢሮው ሄጄ ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ፊት ለፊት እንነጋገራለን።»

«ውሰጂው፤ እኔን ብቻ ከመሃላችሁ አውጡኝ።»

ወደ ፋብሪካው በሚመልሳት መኪና ውስጥ የምትናገረውን ስታሰማምር ቆየች። ንግግሯ ሊያምርላት ሲል እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ቀዝቃዛ ብረት ነካ። በሩ እንደተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ እሷ ጋ ነው።

«መልሰኝ!» አለችው ሹፌሩን።

«ምን ረሳሽ?»

«ሰው!»

እንደደረሰች እየሮጠች ገብታ ጓጉንቸሩን ፈታች፤ ፕላስተሩን ቦጫጭቃ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ነፋሱ አቧራውን ይዞ ዘው አለ።

«ኧረ ዝጊው እቴ! ልፋታችንን ገደል ልትከቺው ነው!» አሉ በዕድሜ ትልቋ ለቃሚ፣ ክዳኖቹ ላይ በደረታቸው ተደፍተው።

«አትዝጊው! ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ማግኘታችን ነው» አለች ሌላዋ።

ባለቤቱ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ?»

ልጅቱ ደጃፉ ላይ ቆመች። በሩን በትከሻዋ ገርበብ አድርጋ እንደያዘች ለትንኝ አዳኙ መልሳ ደወለች።

«እባክዎ አሁኑኑ ይምጡ። አንድ ላይ ካላየነው መልስ የለውም። እስከዚያ በሩ ላይ ነኝ፤ እሳት ቢነሳ እከፍታለሁ፣ ትንኝ ቢመጣ እመታለሁ።»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲጎተት ተሰማ። «አድራሻው ያው የድሮው ነው?» አለ ትንኝ አዳኙ።

ትልቋ ለቃሚ ከጠረጴዛው ተነስተው አንድ ነጭ የፀጉር መሸፈኛ አቀበሏት።

«በይ እንግዲህ፣ በር ሆነሽ የምትውይ ከሆነ ፀጉርሽን ሸፍኚ።»

አጠለቀችው። ተቆጣጣሪ ትሁን መዝጊያ ለራሷም አልገባትም፤ ትከሻዋን ግን ከበሩ አላነሳችም።