ኬላ ወይስ ማደያ

ገበየሁ ከወልድያ የወጣው በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ነሐሴ መጀመሪያ፣ ከተማዋ ልትያዝ ነው የሚለው ነገር ወሬ መሆኑ በቀረበት ጠዋት ነው። አዲስ አበባ በአንድ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የመንገድ ጥናት ባለሙያ ነበር። ጉባ ላፍቶ ለአጎቱ ለቅሶ መጥቶ ሳምንት እንኳ ሳይሞላው መንገዱ ሊዘጋበት ሆነ። የተሳፈረበት ሚኒባስ ሲሪንቃን እንደምንም አልፎ መርሳ ሲገባ ቆመ። ከፊት የጭነት መኪና፣ ከኋላ አውቶቡስ፣ ከግራና ከቀኝ ጋሪና ባጃጅ፤ በመካከላቸው ፍራሽ የተሸከመ፣ ፍየል የሚጎትት፣ ልጅ ያዘለ ሰው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ክንድ ፈቀቅ አላሉም።

ከሚኒባሱ መስኮት ጎን የቆመ አንድ የአይሱዙ ሾፌር ክርኑን ወደ ውጭ አውጥቶ መንገዱን ያያል። ጁነይድ ይባላል፤ የመርሳ ሰው ነው። ሌላ የሚያደርጉት ስለሌለ ማውራት ጀመሩ። ገበየሁ ፍርሃት ሲይዘው ስለ ሥራው የማውራት ልማድ አለበት። እንዲህ ያለውን መጨናነቅ ነው የማጠናው አለ፤ መሥሪያ ቤቱ በሚበዛበት ሰዓት ወደ መሀል አዲስ አበባ የሚገባ መኪና ሁሉ ለመንገዱ እንዲከፍል የሚል ረቂቅ እያዘጋጀ መሆኑንም ነገረው። ጁነይድም፣ ከዚያ ይልቅ ነዳጁ ላይ ጨምሮ መገላገል አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ገበየሁ ለምን እንደማይሻል ሊያስረዳ አፉን ሲከፍት ከወልድያ በኩል ከባድ መሣሪያ አጓራ።

ሰው ከየመኪናው ወረደ። ወዲያው ከፊት፣ ውርጌሳም ተዘግቷል የሚል ወሬ መጣ። ጁነይድ መኪናውን በሰው መሀል እያስለቀቀ ወደ አንድ ጠባብ መንገድ አስገባ፤ ቤቱ እዚያው ነበር። የግቢውን በር እየከፈተ ዞሮ ተከትሎት የመጣውን ገበየሁን አየው።

«ይግቡ፤» አለው። «ነገ ሲከፈት ይሄዳሉ።»

አልተከፈተም። በማግስቱ ከተማዋ በታጣቂዎች እጅ ገባች። ጁነይድ የአይሱዙውን ባትሪ ነቅሎ ቀበረ፤ ጎማዎቹንም አውጥቶ መኪናውን በድንጋይ ላይ አስቀመጠው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ባንክ የለም። ጁነይድና ሚስቱ ነሲባ ያላቸውን ማሽላ ከእንግዳቸው ጋር ተካፈሉ። ሥጋ የሚባል ነገር ስላልነበረ የማን እጅ አረደው የሚል ጥያቄም አልተነሳም። ገበየሁ የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑ እንዳይታወቅ የነሲባን አባት የመስኖ ሞተር ለመጠገን የመጣ ሰው ነው ተባለ። እሱ ግን ሞተር ቢፈታ መልሶ የሚገጥም ሰው አልነበረም።

ከቤት የማይወጣባቸው ቀናት ሲመጡ ክርክሩን ካቆሙበት ቀጠሉት። ደጅ ላይ አንድ መኪና እንኳ በማያልፍበት ከተማ፣ ሁለት ሰዎች የጓዳ መደብ ላይ ተቀምጠው ስለ መኪና መብዛት ይጨቃጨቁ ነበር። ገበየሁ፣ ነዳጅ ላይ የሚጣል ግብር የት እንደምትነዳና መቼ እንደምትነዳ አያውቅም ይላል፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሜክሲኮ አደባባይን የዘጋውን ሰውና ባዶ መንገድ ላይ ከመርሳ ወልድያ የሚሄደውን እኩል ያስከፍላል። ጁነይድ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ በየኬላው የቆመ ሰው ነው። ለመንገድ ክፈል ከተባለ ገመድ ይኖራል፣ ገመድ ካለ የገመዱን ጫፍ የያዘ ሰው ይኖራል፣ ያ ሰው ደግሞ ኪስ አለው ይል ነበር። ማደያ ላይ ሲሆን ግን አንዴ ከፍሎ መሄድ ነው፤ ማንም መንገድ ላይ አያስቆምህም። ገበየሁ ገመድ ሳይሆን ካሜራ ነው ሲለው፣ ከካሜራው ጀርባ የሚቀመጠውስ ማነው ብሎ ይመልስለታል። ነሲባ አንዳንዴ ከደጃፉ ሆና ትሰማና፣ ግራና በምትባለው መንደር ያለው አባቷ ሽንኩርት የሚያጠጣው በናፍታ መሆኑን ለባሏ ታስታውሰዋለች። እሱ የትኛውን አደባባይ ዘጋና ነው የሚከፍለው ስትለው ጁነይድ ወሬውን ወደ ካሜራው ይመልሰው ነበር።

በመሀሉ በሁለቱ ወንዶች መካከል አንቱታው ቀርቶ አንተ ተባባሉ።

መስከረም ሲያልቅ የነሲባ አባት መልእክት ላከ። የሚቀጥለው ሐሙስ በግራና በኩል አድርገው፣ በተራራው ጥግ በእግር የሚወጡ ሰዎች አሉ፤ እንግዳችሁ ከፈለገ ይምጣ የሚል ነበር። ገበየሁ ያን ቀን ከደስታው የተነሳ ምግብ አልበላም።

ማክሰኞ ጠዋት አምስት ታጣቂዎች ለፍተሻ መጡ። የሚፈልጉት መኪና ነበር። አይሱዙውን አገላብጠው አይተው ሊወጡ ሲሉ አንደኛው የገበየሁን ቦርሳ ከመደቡ ሥር ጎትቶ አወጣው። ከውስጡ የረቂቁ ወረቀትና አንድ የታጠፈ የአዲስ አበባ ካርታ ወጣ። አለቃቸው መነጽር ያደረገ ቀጭን ሰው ነበር። ካርታውን መሬት ላይ ዘርግቶ ለረጅም ጊዜ አየው። መሀል ከተማውን የከበበ ክብ መስመር፣ ወደ ውስጥ በሚያስገባው መንገድ ሁሉ ላይ ቀይ ነጥብ፣ በየነጥቡ ሥር ቁጥር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ገበየሁ በሰዓት ስንት መኪና እንደሚያልፍ የሚያሳይ ነው አለ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። ሲናገረው እንዴት እንደሚሰማ ያን ጊዜ ገባው፤ የከተማው መግቢያዎች ሁሉ ተቆጥረውና ተለይተው ተቀምጠዋል። ሞተር ጠጋኝ ለምን እንዲህ ያለ ነገር ይይዛል? ከታጣቂዎቹ አንዱ ወደ በሩ ሄዶ ቆመ።

«የማይረባ ነገር ነው፤» አለ ጁነይድ። «መኪና ወደ መሀል ከተማ ሲገባ ይክፈል ነው የሚለው። ሞተር ጠጋኝም አይደለም፤ ፈርተን ነው የዋሸነው። ቢሮ የሚሠራ ሰው ነው። ሁለት ወር ሙሉ በዚህ ወረቀት ነዝንዞኛል።»

«ለምንድን ነው የማይረባው?»

«ኬላ ስለሆነ።»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ጁነይድ ምን እንዳለ ገባው። የሚያናግረው ሰው በመርሳ መግቢያና መውጫ ገመድ ያስዘረጋው ራሱ ነው። አለቃው ግን ቀጥል አለው። ጁነይድ ቀጠለ፤ ስለ ገመዱ፣ ስለ ኪሱ፣ ስለ ካሜራው ተናገረ። ሲጨርስ አለቃው ወደ ገበየሁ ዞሮ መልስለት አለ።

ገበየሁ ሁለት ወር ሙሉ ሲለው የነበረው ነገር አንዱም ትዝ አላለውም። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

ጁነይድ ወደ ገበየሁ ዞሮ ከዚያ በፊት አውጥቶት የማያውቀውን ቃል ተናገረ።

«ምን ይመልሳል? ወንበር ላይ ተቀምጦ የሾፌር ኪስ የሚያይ ሰው። አንድ ቀን እንኳ መሪ ጨብጠህ ታውቃለህ አንተ?»

ገበየሁን አመመው። ሕመሙ ንዴት ሆነና ጠመንጃውን አስረሳው። መሪ ባልጨብጥ መኪና ቆጥሬያለሁ ብሎ ጀመረ፤ ዝናብ ላይ ቆሜ፣ ሦስት ዓመት። ነዳጅ ላይ ስትጨምር የምትቀጣው የቆመውን መኪና ሳይሆን የግራናን ገበሬ ነው፣ ባዶ መንገድ ላይ ታማሚ የሚያደርሰውን ነው፤ ናፍታ በተወደደ ቁጥር የአይሱዙ ጭነት ይወደዳል፣ ዞሮ ዞሮ የሚከፍለው ሚስትህ ናት፤ አለው። ጁነይድ አቋረጠው፤ ገበየሁም እሱን አቋረጠው። ነሲባ ከጓዳ ሆና የአባቷን ሞተር አነሳች። ሦስቱም በአንድ ላይ እያወሩ ነበር፤ ይህ የተጠና ነገር አለመሆኑ ለማንም ግልጽ ነበር።

አለቃው እጁን አነሳ።

«ቃሊቲ ስምንት ዓመት ሚኒባስ ነድቻለሁ፤» አለ። «በአንተ ወረቀት ታክሲ ይከፍላል?»

ገበየሁ ታክሲና አውቶቡስ አይከፍሉም አለ። የት ነው የተጻፈው ተባለ። ገጹን አውጥቶ አሳየው። ሰውየው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ወረቀቱን መለሰለት፤ ካርታውን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሊወጣ ሲል ከዛሬ ጀምሮ ገበየሁ ከግቢው በር እንዳያልፍ አዘዘ፤ ሰው እየላከ ያስጠይቃል። ለጁነይድም «ከጠፋ የምይዘው አንተን ነው» አለው።

ሲሄዱ ጁነይድ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ስለ መሪው ያለውን ይቅር እንዲለው ጠየቀ፤ ወላሂ ሌላ መንገድ ጠፍቶኝ ነው አለ። ገበየሁ እውነት ነው፣ ጨብጬ አላውቅም አለው። ሁለቱም ሊስቁ ሞከሩ።

ረቡዕ ማታ ባልና ሚስት ተማክረው እንዲሄድ ነገሩት። ነሲባ ለመንገዱ ስንቅ ሁሉ አዘጋጅታ ነበር። ለሚጠይቀን አምልጦናል እንላለን አለች። ገበየሁ አልሄድም አለ። ሰው ቢያይ ለወዳጁ ሲል የቀረ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ሐሙስ ጠዋት መደቡ ላይ ተኝቶ የተሰማው ጥላቻ ነበር። ቤቱን ጠላው፤ ማሽላውን፣ የነሲባን ደግነት፣ ጁነይድ በሩን የከፈተለትን ቀን ሁሉ ጠላ። በሩን ባይከፍቱለት ኖሮ አሁን የማንም ነፍስ አንገቱ ላይ አይንጠለጠልም ነበር፤ እግሩ ወዳደረሰው ይሄድ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረም። ተነሥቶ ለነሲባ እንጨት ፈለጠላት።

ታጣቂ በየሦስት ቀኑ እየመጣ በሩ ላይ ስሙን ይጠራል፤ ገበየሁ ወጥቶ አለሁ ይላል። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ጁነይድ አንዳንዴ ክርክሩን ሊያነሳበት ይሞክር ነበር፤ ጭማሪው ለቤት መኪና ብቻ ቢሆንስ፣ ማደያው በሁለት ዋጋ ቢሸጥስ እያለ። ገበየሁ ምናልባት ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ነገሩ አንዴ ለነፍስ ከተከራከሩበት በኋላ ለጨዋታ አልሆን አላቸው። በሐሙሱ የሄዱት ሰዎች ደሴ ደረሱ የሚልም፣ መንገድ ላይ ቀሩ የሚልም ወሬ መጣ፤ የትኛው እውነት እንደሆነ እስከ መጨረሻው አላወቁም።

ታኅሣሥ ውስጥ ታጣቂዎቹ ለቀው ሄዱ። ስሙን የሚጠራ ሰው ሳይመጣ አምስት ቀን ሞላ፤ በስድስተኛው ቀን ከውርጌሳ በኩል መኪና መምጣት ጀመረ። ጁነይድ እየሮጠ ወጥቶ አስፋልቱ ዳር ቆመ። ገበየሁ እስከ ግቢው በር ተከተለው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እዚያ ሲደርስ እግሩ ቆመ። ሰው በፊቱ ያልፋል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ እንኳን ለዚህ አበቃህ ይለዋል። እሱ የበሩን መቃን ይዞ መራመድ አቃተው። ሁለቴ ሞከረ፤ ሁለቴም ወደ ውስጥ ተመለሰ።

ነሲባ ከጓዳ ሆና አየችው። ሁለት ባዶ ጀሪካን አንሥታ መጣችና አንዱን እጁ ላይ አስያዘችው።

«ውሃ ልቀዳ ነው፤ ለብቻዬ አይሆንልኝም፤» አለችው። «ይምጡ፣ ያግዙኝ።»

ቀድማው ወጣች። ጀሪካኑን ይዞ፣ ጀርባዋን እያየ ተከተላት።