የእንዳላማው ጎጆ

ደብረ ማርቆስ ላይ ዕድሜ የጠገበ ሰው ስለ እንዳላማው መኪና ብትጠይቁት መጀመሪያ ይስቃል። «ጎጆዋን ነው?» ይላል ከዚያ።

መኪናዋስ ሲፈጥራት ጎጆ አልነበረችም። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አፍንጫዋ ረዘም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ የጀርመን መርሰዲስ ነበረች። ያመጣት አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነው፤ እንዳላማው ደግሞ ሹፌሩ ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ሐኪሙ ሻንጣውን ሸክፎ አገሩ ሲገባ ቁልፉን ለእንዳላማው ሰጥቶት ሄደ። ታዲያ ስጦታው ጣሪያ አልነበረውም። ከላይዋ የሚታጠፍ ሸራ ነበር፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ለሸራ አይራራም። ሐምሌ ሳይጋመስ ሸራው ተተልትሎ ወንበሩ ላይ ውኃ ተኛበት።

እንዳላማው ምን ያድርግ? በርሜል ቀደደ። ቀጠቀጠ፣ አስበየደ፣ እንደ ድስት ክዳን ያለ የብረት ጣሪያ ደፋባት። ከላዩ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አሰረበት። ብረቱ ከውስጥ እያላበው ጠብ ጠብ ሲል ጊዜ ሚስቱ ወለተ ኪዳን የራሷን ጋቢ አምጥታ ከሥሩ ወጠረችበት። ሰው አየና «ጎጆ» አላት፤ በዚያው ጸና።

ከዚያ ወዲያ ጎጆዋ ያልጫነችው የለም። የጤፍ ጆንያ፣ የማር ገንቦ፣ ምጥ የጠናባት ሴት፣ የዲማ መሪጌታ ከነመጽሐፋቸው። ወለተ ኪዳን ራሷ ከአምበር ወደ ሆስፒታል ስትመጣ ምጡ አልጠብቅ ብሏት፣ ዶፉ በርሜሉን እየደበደበው፣ ሴት ልጇን አገሬን እመንገድ ላይ በመኪናዋ ውስጥ ተገላገለች። የበኩር ልጇ ይርዳው ከወንበሩ ኋላ ተወሽቆ «ፊትህን ወደ መስኮቱ አዙር!» እየተባለ ነበር የመጣው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የድሮ ነው። እንዳላማው አርፎ አምበር ከዘመዶቹ ጎን ተቀበረ። ወለተ ኪዳንም ቆብ ጭነው፣ እማሆይ ተብለው፣ ዲማ ከገዳሙ ሥር ባለች አንዲት ክፍል መኖር ጀመሩ። ይርዳው መካኒክ ሆነ፤ ጸጉሩም እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሸበተ። ጎጆዋ ከጋራዡ ጥግ ቆማ ዶሮ ታቅፍባት ነበር።

ዘንድሮ ግን ለጋራዡ የተከራየው ቦታ ለመንገድ ይፈለጋል ተባለ። የራሱን ቦታ ካልገዛ በስተርጅና በሰው ጋራዥ ቁልፍ አቀባይ መሆኑ ነው። ይህን ሲያስብ እንቅልፍ ባጣበት ሰሞን፣ ዘማርያም የሚባል የድሮ መኪና ለሰብሳቢዎች የሚያሻሽጥ ሰው ከአዲስ አበባ መጣ። ዶሮዋን እሽ ብሎ አባረረና መኪናዋን ዞራት፣ ከሥሯም ተንበርክኮ አየ።

«ጋሽ ይርዳው፣ ከፋብሪካ እንደወጣች አድርገው ይመልሱልኝ እንጂ ገዢውን ለኔ ይተዉት» አለ።

ይርዳው ለመሥራቱ አልፈራም። የፈራው ሌላ ነው። ያባት ዕቃ ያለ እናት ምርቃት አይሸጥም፤ ቢሸጥም ገንዘቡ አይበረክትም። ዲማ ሄዶ ነገሩን ለእማሆይ አዋያቸው።

«ይሁን» አሉ። «ግን ሳትሄድ አምጣልኝ። እንደ ዱሮዬ ተቀምጬባት አምበር ደርሼ የአባትህን መቃብር ልሳለም። እዚያ እመርቅሃለሁ፤ ከዚያ ሽጣት።»

ይርዳው ጉልበታቸውን ስሞ ተመለሰና ሥራውን ያዘ። ሞተሩን አወረደ። ፍሬኑን፣ መሪውን፣ የበሰበሰውን ላሜራ አንድ በአንድ አደሰ። ኒኬሉን ፊት እስኪያሳይ ወለወለው። በርሜሉ ላይ ሲደርስ መቁረጫውን አነሣ፤ ብረቱ እሪ እያለ ለቀቀ። ያን ቀን በሩ ላይ ቁራሌው ሲያልፍ ጠራና «ውሰደው» አለው፤ የክብደቱን እንኳ አልተከራከረም። ጋቢውን ለእጅ መጥረጊያ አስቀረው።

እኅቱ አገሬ ምሳ ይዛለት ስትመጣ ክፍቷን መኪና አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጋሼ! እኔ የተወለድሁበትን ጣሪያ ለቁራሌው?»

«ሆስፒታል ተወልደሽ ቢሆን ኖሮ እሱንም አታፍርሱብኝ ትይ ነበር።»

«ቀልድህን ተወው። ለእማሆይ ነግረሃቸዋል?»

«አልነገርሁም። አንቺም ትንፍሽ እንዳትይ! ሙሽራ በሰርጓ ቀን ነው የምትገለጠው።»

አገሬ ምሳውን አስቀምጣ ሄደች።

ኅዳር ላይ፣ ጤፉ ታጭዶ በየማሳው ሲከመር፣ ሁለቱም ቀይ ቀለሟ በሚያብለጨልጨው መኪና ዲማ ገቡ። በየመንደሩ ሰው ከክምሩ ላይ ቀና እያለ ያያቸዋል። ይርዳው በሕይወቱ እንዲያ ደረቱን ነፍቶ አያውቅም። አገሬ አቧራውን ፈርታ ነጠላዋን ተሸፋፍናለች።

እማሆይ የሞተሩን ድምፅ ሰምተው መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ ፀሐይና ጥላ ከመለየት አያልፍም። ፊታቸው ግን በርቶ ነበር።

«ድምፁስ እሱው ነው» አሉ። «እንዳላማው ከአቀበቱ ሲመጣ እንዲህ ነበር።»

ይርዳው በሩን ከፈተላቸው። እማሆይ ያን ሁሉ ዘመን ሲገቡ እንደኖሩት አንድ እግራቸውን አስገቡና፣ የጣሪያውን ጠርዝ ሊይዙ እጃቸውን ወደ ላይ ሰደዱ። እጃቸው ባዶ አየር ጨበጠ። እንደገና ሰደዱት። ሊወድቁ ሲሉ አገሬ ደግፋ ያዘቻቸው።

«ጣሪያው የታለ?»

«እማሆይ፣ ፋብሪካ ስትሠራ እንዲህ ነበረች። ሐኪሙ ሲነዳት…»

«እኔ ስለ ሐኪሙ ጠየቅሁህ?» አሉ፤ በቁጣ አልነበረም። «ሐኪሙ የበጋ እንግዳ ነው። ክረምት ከበጋ የነዳት አባትህ ነው። የት አደረግኸው?»

ይርዳው መሬት መሬት አየ። «ለቁራሌ ሰጠሁት።»

«ጋቢዬስ?»

ለይርዳው የናፍጣ ዘይት የጠገበው ጋቢ ጋራዡ ውስጥ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ታየው። እናታቸው ፊታቸውን ወደ አገሬ መለሱ፤ እሷም እንባዋ መጣና አንገቷን ሰበረች።

እማሆይ እግራቸውን ከመኪናው አወጡ። በመዳፋቸው በሩን፣ ኮፈኑን፣ ለስላሳውን ቀለም ዳሰሱት፤ ቤት የመጣ እንግዳ ልጅ እንደሚዳሰስ።

«የምታምር ናት» አሉ። «እጅህ ብልህ ነው፤ አባትህ እንዲህ አይችልም ነበር።»

«እማሆይ፣ ይቀመጡ እንጂ። አምበር እንሂድ። ምርቃቱ…»

«ለምርቃቱ አታስብ፤ እዚሁ እመርቅሃለሁ። ጎንበስ በል።»

ጎንበስ አለ። እጃቸውን ሽበቱ ላይ ጭነው ምንም ሳያጓድሉ መረቁት። ቦታህን ያስፋልህ፣ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ የቀን ክፉ አይንካህ አሉት። እሱም በየመሐሉ አሜን አለ።

«በል አሁን ሽጣት» አሉ። «አንተም ያባቴን ዕቃ ሸጥሁ ብለህ አትሳቀቅ። ይህችማ የሰው ናት፤ ለባለቤቱ መስጠት ነው። አገሬ፣ የአምበሩ አውቶቡስ ሳያመልጠን ወደ አስፋልቱ ውሰጂኝ።»

«እማሆይ በእግዜር! በኔ ጨክነው በአውቶቡስ?»

«አውቶቡሱ ጣሪያ አለው፣ ልጄ» አሉትና ጉንጩን ዳበስ አድርገው ሄዱ።

ይርዳው የፈለገውን አግኝቶ ብቻውን ቆመ። የሚያስቆጨውም ይኸው ነው፤ ቢቆጡት፣ ቢከለክሉት ኖሮ የሚለምናቸው ነገር ይኖረው ነበር።

አምበር ሲደርስ እናቱና እኅቱ ገና አልደረሱም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ መኪናዋን አቁሞ ወደ መቃብሩ ሊገባ አሰበ፤ እግሩ ግን እምቢ አለው። በሩቅ ተሳልሞ ሞተሩን አስነሣ። በመንገዱ ያገኘውን ቁራሌ ሁሉ እያስቆመ ስለ አንድ የበርሜል ጣሪያ ጠየቀ። አንዱ ሳቀበት። «አባቴ፣ ብረት እኛ ዘንድ አያድርም። ይኸኔ ቀልጦ የሰው ፎቅ ይዟል» አለው።

ዘማርያም ጭነት መኪና ይዞ ጋራዡ በር ላይ እየጠበቀው ነበር። መኪናዋን ሲያይ እጁን አጨበጨበ።

«እጅዎ ይባረክ፣ ጋሽ ይርዳው! ከፋብሪካ ዛሬ የወጣች ናት እኮ። የሰው እጅ የነካት አትመስልም!»

ይርዳው ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ዘማርያም ስልኩን አውጥቶ ለመጻፍ እየተሰናዳ። «ሰብሳቢዎች ታሪክ ይወዳሉ። ማን ያዛት፣ የት የት ሄደች፣ ምን አየች… እስቲ ያጫውቱኝ።»

ይርዳው አፉን ከፈተ። ዶፉ፣ ምጡ፣ የማሩ ሽታ፣ የመሪጌታው ሳል፣ አባቱ በመዶሻ በርሜሉን ሲያቃና የነበረው ላብ፣ ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዓይኑን ወደ መኪናዋ ሲመልስ ግን ለዚያ ሁሉ ምስክር የሚሆን አንዲት ብሎን እንኳ አጣባት። ቢናገር ማን ያምነዋል? ቢያምኑትስ የት አለ ቢሉት ምን ይመልሳል?

«የአንድ ጀርመናዊ ሐኪም ነበረች» አለ።

«እሺ፣ ከዚያ በኋላስ?»

ይርዳው ቁልፉን አቀበለው።

«ከዚያ በኋላማ… ቆማ ነበር።»