ታጥቦ የሚለቅ ወርቃማ

ጥፋቱ የኔ ነው። ይህን የምለው ግን አንዴ ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ሰበብ ነው።

ጅቡቲ፣ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት ከከፈትኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ መስታወትና ማለቂያ የሌለው ወሬ አለኝ። የእህቴ ልጅ ሶልያና የጓደኛዋ የፅዮናዊት ሚዜ ልትሆን ስትዘጋጅ፣ «አክስቴ፣ ጥቁር ፀጉር ሰለቸኝ፤ ቋሚ ቀለም ደግሞ አልፈልግም» አለችኝ። እኔም ቀለም ያለውን የፀጉር ቅባት አወጣሁ። ጥቁር ፀጉር ካልነጣ በቀር ደማቅ ቀለም አይዝም፤ ይሄኛው ግን ላዩ ላይ ተለጥፎ ይደርቅና ወርቃማ ያስመስለዋል፣ ከዚያ በሻምፑ ታጥቦ ይለቃል። «ለአንድ ቀን ነው» አልኳት። ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ሳላውቀው የዋሸሁት ግን ይሄን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ሰርጉ ሆነ። ሶልያና አማረባት፤ ሙሽራዋ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አይታታለች፣ በደስታም አልነበረም። ቤት ስንመለስ ውሃ ጠፍቷል። እዚህ የሥራ ሳምንት ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነውና፣ በማግስቱ እሑድ ደግሞ ሶልያና ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ፣ አንድ የመጋዘን ድርጅት ቢሮ ሥራ የምትጀምርበት ቀን ነው። ይህን ሥራ ስምንት ወር ጠብቃዋለች። እናቷ ሀራሙስ፣ የሀብታሞቹ ሰፈር፣ የሰው ቪላ ስታጸዳ ነው ያሳደገቻት፤ ከቤታችን ቢሮ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ሶልያና የመጀመሪያዋ ናት። ሳትታጠብ፣ ወርቃማ እንደሆነች ሄደች። እዚያም ከሁሉ በፊት ያደረጉት ፎቶ አንስተው የመግቢያ ባጅ መስጠት ነበር።

ማታ ውሃ መጣ፤ ታጠበች። ሰኞ በሩ ላይ ኡበይድ አቆማት።

ኡበይድ የበሩ ጥበቃ ነው። ከኔ በአምስት ስድስት ዓመት ቢበልጥ ነው፤ ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው የኛው ነው። ጢሙን ሂና እየተቀባ ብርቱካን አስመስሎታል። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በሌለበት ግን አንተ ይበቃዋል።

ባጁን ከጉንጯ አጠገብ አድርጎ አየው። «ይቺ ወርቃማ ናት፤ አንቺ ጥቁር ነሽ» አላት።

«አዴር፣ እኔው ነኝ፤ ታጥቤ ነው» አለችው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ልጅቷን አክባሪ አድርገን ነው ያሳደግናት።

«እኔ ሰው አላውቅም። የማውቀው ካርድ ነው።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ አለቃዋ ወጥቶ አስገባት። ባጄ ይቀየርልኝ ብትለው፣ «ሦስት ወር ሙከራ ላይ ነሽ፤ ቋሚ ስትሆኚ አዲስ ይሠራልሻል። እስከዚያ ፎቶሽን ምሰዪ» አላት። ሁለተኛ ብታረፍድ ደግሞ እንደማይታገሳት ነገራት።

ስለዚህ ፎቶዋን መምሰል ጀመረች። ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ፤ ጅቡቲ ውስጥ እንኳን ቀለም ሰውም በሚቀልጥበት ጊዜ፣ በየማለዳው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሬን ታንኳኳለች። እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ እጄን ቅባቱ ውስጥ እነክራለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ላብ ሲመጣ ቀለሙ ይወርዳል፤ የሸሚዟ አንገት ቢጫ፣ ትራሷ ቢጫ፣ ጆሮዋ ቢጫ ሆነ። «ሻሽ አድርጊበት» አልኳት። አደረገች። ኡበይድ «ፎቶው ላይ ሻሽ የለም» አላት። አብራት የምትሠራው ነጅማ ፎቶዋም በሂጃብ ስለሆነ ሰላም ብላ ታልፋለች፤ ውስጡ ያለው ፀጉር ሐምራዊ ቢሆን እንኳ ጠያቂ የላትም። ሶልያና እንደዚያ በሰው ቀንታ አታውቅም።

አንድ ቀን ማለዳ መስታወቱ ፊት ቁጭ እንዳለች አለቀሰች። «ቢሮ ውስጥ ወርቃማዋ ነው የሚሉኝ፣ አክስቴ። ስሜን የያዘልኝ ካርዱ ብቻ ነው።» እጄን ግን አላቆምኩም፤ አውቶቡሱ አይጠብቅም።

ሦስቱ ወር አለቀ። ሐሙስ ዕለት ቋሚ ሆነሻል አሏት። ጠዋት ወርቃማ ሆና የገባችው ልጅ መታጠቢያ ቤት ፀጉሯን ታጥባ፣ እየተንጠባጠበች፣ ለአዲሱ ባጅ በጥቁር ፀጉሯ ፎቶ ተነሳች። ባጁን እዚያው ሰጧት። ሲወጡ እንደሆነ ባጅ የሚያይ የለም። የቀረው እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውሉን መፈረም ነበር። የቅባቱን ዕቃ መደርደሪያው ጥግ ወረወርኩት።

እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስልኬ ጮኸ። «አላስገባም አለኝ፤ አለቃዬም ስልክ አያነሳም። ቅባቱን ይዘሽ ድረሽልኝ።»

ቅባቱንና አንድ ጠርሙስ ውሃ ይዤ በታክሲ በረርኩ። ሶልያና ጥቁር ፀጉሯን ይዛ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ኡበይድ ካርዷን ይዟል፤ የፈረቃው ኃላፊ ከጎኑ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«ምን ጎደላት?» አልኩት። «ፎቶውም ጥቁር፣ እሷም ጥቁር።»

«ፎቶው የሷ ነው። ስሙ ግን የሶልያና ነው» አለኝ። «ሶልያናን እኔ ሦስት ወር አይቻታለሁ፤ ወርቃማ ናት። ካርድ ማንም ያሠራል። እኔ የማውቀው ሰው ነው።»

ደሜ ፈላ። የቅባቱን ዕቃ ከፈትኩና ከግንባሯ በላይ ያለውን ፀጉር በሁለት እጄ ቀባሁት። ፀሐይዋ ወዲያው አደረቀችው። የኡበይድ ፊት በራ።

«እንዴ፣ ሶልያና» አላት፤ «ደህና አደርሽ?»

የያዝኩትን የጠርሙስ ውሃ አናቷ ላይ ደፋሁት። ቀለሙ በግንባሯ ወርዶ አሸዋው ላይ ፈሰሰ፤ ጥቁሯ ተመልሳ መጣች። ኡበይድ ካርዱን አየ፣ እሷን አየ፣ አሸዋውን አየ። እኔ ደግሞ ደረቱ ላይ የተንጠለጠለውን የራሱን ባጅ አየሁ። ፎቶው ላይ ያለው ጢም እንደ ጥጥ ነጭ ነው።

«እርስዎስ?» አልኩት። «ይሄ ነጭ ጢም ያለው ሰውዬ የት ሄዶ ነው?»

እጁ ወደ ጢሙ ሄደ። «ይሄማ ሂና ነው። እኔን ደግሞ እዚህ የማያውቀኝ የለም።»

«እኔንም እርስዎ ያውቁኛል፣ አዴር» አለች ሶልያና፣ ውሃው እየተንጠባጠበባት። «ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ ደህና አደሩ ብዬዎታለሁ። ድምፄን አልተቀባሁትም።»

ኡበይድ ካርዱን በሁለት እጁ ሰጣትና በሩን ከፈተ። ለሦስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ላይ ገባች፤ ፈረመችም። የፈረቃው ኃላፊ ግን ሻዩን አስቀምጦ፣ ጎንበስ ብሎ የኡበይድን ባጅ ሲያይ አየሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ሳምንት ኡበይድ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆመ። ወንድ የማይገባበት ቤት ነውና ካስክ ስር ያሉት ሴቶች ሻሽ ፍለጋ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወይዘሮ አበዛሽ፣ ነገ የጥበቃ ሁሉ ባጅ ከፊቱ ጋር ይመሳከራል ተብሏል» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የማይመሳሰል ይታገዳል። አዲስ ባጅ ጠየቅኩ፤ ሦስት ወር ይፈጃል አሉኝ። ለጡረታ አንድ ዓመት ነው የቀረኝ። ሂናውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ አይለቅም።»

ልስቅበት ነበር፤ ሳቁ አልመጣልኝም። ፊቱን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ወር ሙሉ በየማለዳው መስታወቴ ውስጥ ያየሁት ፊት ነው። ወንበር ሳብኩለትና ከመደርደሪያው ነጩን ቅባት አወረድኩ።

«ታጥቦ ይለቃል?» አለኝ።

«ይለቃል» አልኩት። «ለአንድ ቀን ነው።»